የፍርድ ቤቱን በር ማን ያሳያት?

ሁለት ሰዎች ተጣልተው ዱላ ሲማዘዙ አንድ መንገደኛ «በሕግ አምላክ!» ካለ ጠበኞቹ ባሉበት የሚቆሙበት ዘመን ነበር። እንኳን የሚራመድ ሰው፣ የሚፈስ ውሃም በሕግ ስም ሲጠሩት ይቆማል ይሉ ነበር አባቶቻችን። ዛሬ ግን ይህ የምንጠራው ሕግ የሚሠራበትን ቤት፣ ደጃፉን እንጂ ውስጡን የምናውቅ ስንቶቻችን ነን? ከሳሽ፣ ተከሳሽ ወይም ምስክር ካልሆነ በቀር ችሎት ገብቶ ቁጭ ብሎ ያዳመጠ ሰው በየሰፈራችን ስንት ይገኛል? «ከፍርድ ቤት ደጅ ይሰውርህ» እየተባልን ያደግን ሰዎች ደጁን ብንፈራው አያስገርምም።

ውድ አንባብያን፣ ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ጥቂት የተማረ፣ ትርፍ ጊዜ ያለው ሰው ያለ ክፍያ ለወገኖቹ ፍርድ ቤትን እያዞረ ቢያስጎበኝ፣ «መዝገብ ቤቱ ይህ ነው፣ ችሎቱ ያ ነው፣ መብትሽ ይህን ያህል ነው» ቢል፣ ይህ ከወደደ የሚሠራው ቢተወውም የማይጠየቅበት ደግነት ነውን? ወይስ ዕዳ ነው? ይህን ጥያቄ ያመጣብኝ መጽሐፍ አይደለም። አክስቴ ናት።

አክስቴ አዲስ አበባ የምትኖር፣ ማንበብ የማትችል ባልቴት ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ በቤቱ ጉዳይ ከእንጀራ ልጆቿ ጋር አልተግባባችም። አንድ ቀን ከሸሪዓ ፍርድ ቤት መጥሪያ ደረሳት። ጎረቤቶቿ «አንቺ ካልፈቀድሽ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳይሽን ሊያይ አይችልም፤ ዝም ብለሽ ተቀመጪ» ብለው መከሯት። እሷም ለማረጋገጥ ስልክ ደወለችልኝ። ጋዜጣችን ማተሚያ ቤት የሚገባበት ቀን ነበርና «እናየዋለን አክስቴ» አልኳት። አላየሁትም። ወረቀቱ ከፍራሿ ሥር ገባ። በኋላ የመጣው የውሳኔ ወረቀትም ተከትሎት ገባ። ለዒድ ልጠይቃት ስሄድ ሁለቱንም አውጥታ ሰጠችኝ።

የጎረቤቶቿ ምክር ግማሽ እውነት ነበረው፤ ሰውን የሚጎዳው ደግሞ ብዙ ጊዜ ግማሹ እውነት ነው። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ጉዳዮች በሃይማኖት ሕግ ሊዳኙ የሚችሉት በተከራካሪዎቹ ፈቃድ መሆኑን ይደነግጋል። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188/1992 ይህንኑ ይዟል። ነገር ግን ይኸው አዋጅ መጥሪያ ደርሶት ሳይቀርብ የቀረን ተከሳሽ ፈቃዱን እንደሰጠ ይቆጥረዋል፤ ጉዳዩም በሌለበት ይታያል። «አልፈቅድም» ለማለት እንኳ ቀርቦ መናገር ያስፈልጋል ማለት ነው። በሌለበት የተወሰነበት ሰውም ውሳኔውን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ፣ ያልቀረበበትን በቂ ምክንያት አስረድቶ ውሳኔው እንዲነሣለት መጠየቅ ይችላል። የአክስቴ አንድ ወር ከፍራሹ ሥር አልፏል።

በአንጻሩ በ1996 ዓ.ም. የሆነውን እናስታውስ። በአንድ የውርስ ክርክር ውስጥ የነበሩ ሰዎች ከመጀመሪያው «ጉዳያችን በሸሪዓ ፍርድ ቤት እንዲታይ አንፈቅድም» ብለው ተቃውመው ነበር። ክርክሩ በየእርከኑ ሄዶ በመጨረሻ ከፌዴሬሽን ምክር ቤት ሲደርስ፣ ምክር ቤቱ ፈቃዳቸው ሳይኖር የተሰጠውን ውሳኔ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የማይጣጣም ነው በማለት ውድቅ አደረገው። በእነዚህ ሰዎችና በአክስቴ መካከል ያለው ልዩነት ምንድነው? መብታቸው አንድ ነው። እነሱ በሩ የት እንደሆነ ያውቁ ነበር፤ እሷ አታውቅም። እኔ ደግሞ አውቅ ነበር፤ ወይም በአንድ ቀን ጠይቄ ማወቅ እችል ነበር። የበደላት ሸሪዓው አይደለም፣ አዋጁም አይደለም። አለማወቋና የእኔ «እናየዋለን» ተጋግዘው ነው የጎዷት።

ይህን በሆዴ ይዤ ሳለሁ ነው፣ ከጦርነቱ በፊት፣ ለሥራ ወደ ሰቆጣ የሄድሁት። ሰቆጣ ስትነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ድርቅን ነው፤ ወይም የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት በ2007 ዓ.ም. የታወጀውንና በስሟ የተጠራውን የሰቆጣ ቃል ኪዳን። ከተማዋ ግን ከዚያ የሰፋ ታሪክ አላት። የዋግ ሹሞች መቀመጫ ነበረች፤ ከእነዚሁ ዋግ ሹሞች አንዱ፣ ዋግ ሹም ጎበዜ፣ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከዐፄ ቴዎድሮስ ሞት በኋላ ነግሠዋል። የዋግ ኽምራ ሕዝብ የራሱ ቋንቋ፣ ኽምጣና፣ አለው። በአማራ ክልል ሕገ መንግሥት መሠረትም የራሱ የብሔረሰብ አስተዳደርና ምክር ቤት ያለው ነው።

እዚያ አንድ ወጣት የሥነ ዜጋ መምህር ተዋወቅሁ። ሻይ ስንጠጣ የአክስቴን ነገር አጫወትሁት። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «ወንድሜ፣ እንግዳ ሲመጣ ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስን የሚያስጎበኝ ሰው አይጠፋም። ከቆላ ተነሥታ ቀን ሙሉ በእግሯ ለምትመጣ እናት ግን ፍርድ ቤቱን ማን ያስጎበኛታል?» አለኝ። ቀጠለና «እኔ ክፍል ውስጥ አንቀጽ 37ን በጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ‹ማንኛውም ሰው ፍትሕ የማግኘት መብት አለው› ብለው ተማሪዎቼ ይገለብጣሉ። ፈተና ላይ ያገኙታል። ከእነሱ መካከል ዳኛ በዓይኑ ያየ ልጅ ግን የለም» አለ።

ያ ንግግር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። አስጎብኚ የሚባል ሥራ እንግዳ ለሆነ ሰው ነው። የአገሩ ሰው ለገዛ አገሩ ፍርድ ቤት እንግዳ ከሆነ፣ አስጎብኚ ያስፈልገዋል ማለት ነው። ቋንቋው ሲለይ ደግሞ እንግድነቱ እጥፍ ይሆናል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ክርክሩ በማይገባው ቋንቋ የሚካሄድ ከሆነ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲቆምለት መብት ሰጥቶታል። ሆኖም ይህን መብት ለመጠየቅ መጀመሪያ መብቱ መኖሩን በሚገባው ቋንቋ የሚነግረው ሰው ይሻል። እንዲህ ያለውን ሰው ከአዲስ አበባ መላክ አይቻልም። ኽምጣና የሚያውቅ የዋግ ልጅ መሆን አለበት።

በእርግጥ ይህ ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። ዘመናዊው ፍርድ ቤት ከመቋቋሙ በፊት በአገራችን «የመንገድ ዳኛ» የሚባል ሥርዓት ነበር። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ቢጣሉ የሚያልፈውን ሰው «ዳኘን» ብለው ያስቆሙታል። ሰውየው ገበያ ይረፍድብኛል ብሎ ማለፍ ነውር ነበር። ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሁለቱንም ይሰማል፤ ካስታረቃቸው አስታረቀ፤ ካቃተው ወደ በላይ ዳኛ ይመራቸዋል። ተከራካሪዎቹ በላ ልበልሃ እየተባባሉ ሲሟገቱ የሰፈሩ ሕዝብ ቆሞ ይሰማ ነበር። ሕፃኑም ችሎት ምን እንደሆነ ከዚያ ይማራል። ያ ሥርዓት ጉድለት አልነበረውም ማለቴ አይደለም፤ ጉልበተኛው ያሸነፈበት ጊዜ ብዙ ነው። ነገር ግን ሕግ ግቢና ዘብ ሳይኖረው ሁሉም ያውቀው ነበር። ሕጉ ወደ ሕንጻ ሲገባ ሥርዓቱ ተሻሻለ፤ ሕዝቡ ግን ውጭ ቀረ። በጎ ፈቃደኛው አስጎብኚ እንግዲህ የመንገድ ዳኛው የልጅ ልጅ ነው። አይፈርድም፤ ሥራውን አቁሞ መንገዱን ያሳያል።

እዚህ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። ሦስቱንም ከወዳጆቼ ሰምቻቸዋለሁ።

የመጀመሪያው «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚል ነው። እውነት ነው። መንግሥት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 81 «ሕግን አላውቅም ማለት ይቅርታ አያሰጥም» ካለ፣ ሕጉን የማሳወቅ ሸክም መጀመሪያ የሚወድቀው በራሱ ላይ ነው። ግን የመንግሥት ዕዳ የእኔን ዕዳ ይሰርዘዋልን? በዲናችን ፈርድ ኪፋያ የምንለው ነገር አለ። ጥቂቶች ከሠሩት ከሌላው ላይ ይወርዳል፤ ማንም ካልሠራው ሁሉም ይጠየቅበታል። ሬሳ ሜዳ ላይ ሲወድቅ «የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው» ብሎ የሚያልፍ ሙስሊም አላውቅም። ታዲያ የሕያው ሰው መብት ሜዳ ላይ ወድቆ ሲገኝ ማለፍን ከየት ተማርን?

ሁለተኛው ተቃውሞ «ሰዉን ፍርድ ቤት ማስለመድ ነገረኛ ማድረግ ነው፤ እኛ የምናውቀው ሱልሕና ሽምግልና ነው» ይላል። ሱልሕ የተወደደ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን የዕርቅ ክብሩ ከፈቃድ ነው። መብቱን አውቆ፣ ወደ ዳኛ መሄድ እየቻለ «ለወንድሜ ትቼለታለሁ» ያለ ሰው ታርቋል፤ ምንዳውም ከአላህ ዘንድ ነው። ሌላ በር መኖሩን ሳታውቅ «ሽማግሌ ያለሽን ተቀበይ» የተባለች ሴት ግን እጅ ሰጠች እንጂ አልታረቀችም። ስለዚህ የፍርድ ቤቱን በር ማሳየት ሽምግልናን አያፈርስም። እንዲያውም ሽማግሌው እንዲጠነቀቅ፣ ዕርቁም እውነተኛ ዕርቅ እንዲሆን ያደርገዋል።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል፤ እኔንም እንቅልፍ የነሣኝ እሱ ነው። አንድ ጓደኛዬ «ቤቱ ሳይጠረግ እንግዳ ይጠራል?» አለኝ። ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ የሚደራረብበትን፣ አንዳንዱ ጉቦ የሚሸትበትን፣ ድሃ የሚንገላታበትን ቤት «ኑ እዩ፣ እመኑት» ብሎ ማስጎብኘት ሰውን ማታለል አይሆንም ወይ? እኔ ራሴ ሙሉ በሙሉ የማላምነውን ቤት ለሌላው ላሞግስለት?

ብዙ አስቤበታለሁ። መልሴ ይህ ነው። አስጎብኚ ያወድስ ዘንድ ግዴታ የለበትም፤ ያሳይ ዘንድ ግን ግዴታ አለበት። ያየውን ሳይሸፍን፣ የሌለውን ሳይጨምር ማሳየት አማና ነው። ችሎቱን የሚያሳይ ሰው የይግባኙን በርና የቅሬታ ማቅረቢያውንም ያሳያል። «ዳኛ ይሳሳታል፤ ስለዚህ በፍትሐ ብሔር ጉዳይ 60 ቀን ይግባኝ ማለት ትችያለሽ» ይላል። ደግሞስ ሕዝብ ፍርድ ቤትን ፈርቶ ሲርቅ የሚጎዳው ማን ነው? ጉቦ የሚበላው ሹም አይጎዳም፤ ሰው የሌለበት ጨለማ ለእሱ ይመቸዋል። የሚጎዳው ቅን ዳኛና ድሃው ነው። በቤታችን እንደምናየው ቤት የሚጠረገው እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል ነው። ሕዝቡ ደግሞ ለዚህ ቤት ባለቤት እንጂ እንግዳ አይደለም። ባለቤቱ ብቅ የሚልበት ቤት ደግሞ ይበልጥ ይጠረጋል።

የእኛው ታሪክ ይህን ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ በመካ የተበደሉት ሶሐቦች ወደ ሐበሻ የተሰደዱት ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) «እርሱ ዘንድ ማንም የማይበደልበት ንጉሥ አለ» ብለው ስላመለከቷቸው ነው። ለተበደለ ሰው የፍትሕን በር ማሳየት ማለት ይህ ነው። ቁረይሾች ስጦታ አስይዘው መልእክተኛ ሲልኩና ስደተኞቹ ሳይሰሙ ተላልፈው እንዲሰጧቸው ሲጠይቁ፣ ነጃሺ እነሱን አስጠርቶ ሳይሰማ እንደማይሰጥ ተናገረ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብም (ረ.ዐ.) በባዕድ አገር፣ በባዕድ ችሎት ቆሞ ተናገረ። ያ ንጉሥ የሌላ ሃይማኖት ተከታይ፣ አደባባዩም የሌላ ሕዝብ ነበር። ሙስሊሞቹ ግን «ይህ የእኛ ችሎት አይደለም» ብለው አልቀሩም፤ ቀርበው ተሰሙ። የእኛ አክስቶች የሚቀሩት ለምንድነው?

እንግዲህ የፍርድ ቤት አስጎብኚ ምን ይሠራል? ከበሩ ይጀምራል፤ ፍተሻው ለማንም የሚደረግ እንጂ ጥርጣሬ አለመሆኑን ያስረዳል። የቀጠሮ ሰሌዳውን ያነብላቸዋል። መዝገብ ቤቱን፣ የዳኝነት የሚከፈልበትን ቦታ፣ መክፈል የማይችል ሰው በደሃ ደንብ ሊከስ እንደሚችል ይነግራል። ከዚያም ችሎት ያስገባቸዋል። ችሎት በመርሕ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ዝግ እንዲሆን የሚፈቅደው የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት፣ የሕዝብን ሞራል ወይም የአገርን ደኅንነት ለመጠበቅ ብቻ ነው። ዳኛ ሲገባ እንነሣለን፣ ስልክ እንዘጋለን፣ የሰማነውን የሰው ገመና ለቡና ወሬ አናደርገውም።

ወሰንም አለው። አስጎብኚ ጠበቃ አይደለምና ክርክር አይመክርም። ደላላ አይደለምና ሳንቲም አይቀበልም፤ በየፍርድ ቤቱ ደጅ «ዳኛውን አውቀዋለሁ» እያሉ ድሃውን ከሚያልቡት ሰዎች የሚለየው ይህ ነው። ጉዳይ ያለውን ሰው ሕግ ወዳጠናው ይመራዋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ጠበቆች በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ያለ ክፍያ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግሉ አዟል። የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡባቸው ማዕከላት አሏቸው። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ደግሞ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የምስለ ፍርድ ቤት ውድድር ያዘጋጃል። የጎደለው እናቶችን እጃቸውን ይዞ እስከ በሩ የሚያደርሰው ሰው ነው።

በሌላው ዓለም ይህ ቦታ አግኝቷል። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በጆሃንስበርግ፣ ጋንዲና ማንዴላ ታስረውበት በነበረው የእስር ቤት ግቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2004 ተከፈተ። የችሎቱ ግድግዳ ከፈረሰው እስር ቤት ጡብ ተሠርቷል፤ የፍርድ ቤቱም ስም በ11 ቋንቋዎች ተጽፏል። ተማሪውም መንገደኛውም ገብቶ ይጎበኘዋል። ሕዝቡ የፈራውን ግቢ ተመልሶ የራሱ አደረገው።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ሰቆጣ ሲደርስ ያንን መምህር አሰብሁት። ጦርነት ሲያልፍ ከሚቀረው መከራ ብዙው የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው፤ የወራሽነት ማስረጃ፣ የወላጅ አልባ ልጅ ሞግዚትነት፣ የጠፋ ሰነድ፣ ድንበሩ የተነካ መሬት። እንዲህ ባለ ጊዜ በሩን የማያውቅ ሰው ሁለት ጊዜ ይዘረፋል።

እኔም በበኩሌ ዕዳዬን ለመክፈል ያህል፣ ባለፈው ዓመት ከሰፈራችን ወጣቶች ጋር ሆኜ አሥር የሚሆኑ እናቶችን ወደ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይዤ ሄድሁ። አክስቴም መጣች። ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቅን፤ ይህንንም አልደበቅንም። ከገባን በኋላ አንድ ልብስ ሰፊ ያልተከፈለውን የሦስት ወር ደመወዝ ሲጠይቅ ሰማን። ዳኛዋ ሁለቱንም በየተራ ጠየቁ፣ ጻፉ፣ ለማስረጃ ቀጠሮ ሰጡ። ነገሩ ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

ስንወጣ አክስቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«ይኸው ነው እንዴ?» አለችኝ።

«ይኸው ነው» አልኋት።

«እኔኮ የሚጮሁብኝ መስሎኝ ነበር። እንዲህ መሆኑን ባውቅ ኖሮ እመጣ ነበር፤ ትንሽ ቃልም ነበረችኝ።»

የምመልስላት አልነበረኝም። ያ ቃሏ ዛሬም አልተሰማም፤ ቀኑ አልፏል። ውድ አንባቢ፣ አንተ ዘንድ «እናየዋለን» የተባለ ወረቀት ካለ፣ አንቺም የምታውቂው ፍራሽ ካለ፣ ገልጣችሁ እዩት። ከዚያም ባለቤቱን እጁን ይዛችሁ እስከ በሩ አድርሱት። ወላሁ አዕለም።